ሂላራ አቴላን ያስጨበጨበች ለት

ሂላራ ማለት ባቄላ የምትቀቅል ሴት ነበረች። በቃ። ሌላ ሙያ አልነበራትም፤ ቢኖራትም የጠየቃት ሰው የለም። በከተማችን በአቴላ፣ ከሰሜኑ በር ወጣ ብሎ ባለው የኦቪዮስ ግቢ ውስጥ ጠዋት ባቄላና ገብስ ታበላለች፤ ማታ ገብስና ባቄላ ታበላለች። የበዓል ቀን ሲሆን ጨው ትጨምርበታለች።

ባቄላውን የማቀርብላት እኔ ፓኪያ ነበርኩ። ባሌ ሲሞት አህያውንና ንግዱን ትቶልኝ ሄደ፤ እውነቱን ለመናገር ከእሱ ይልቅ አህያው ይሰማኝ ነበር። በየማለዳው ጆንያዬን ከማዕድ ቤቷ ደጃፍ አራግፋለሁ፣ ትንሽ ሰው እናማለን፣ እመለሳለሁ። ስለ ሂላራ ከእኔ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ያውራ። እስኪመጣ እኔ ልጀምር፤ ምላሴን በልቶኛል።

ኦቪዮስ ግላዲያተር ያረባ ነበር። ሌላው ሰው አሳማ እንደሚያደልብ እሱ ባሪያ ይገዛል፣ ያደልባል፣ ሰይፍ ያስተምራል፣ ከዚያ ድግስ ላለው ሰው ያከራያል። ባቄላና ገብሱም ለዚህ ነው፤ ገላ ላይ ስብ ይጥላል፤ ሰይፉ ስቡ ላይ ሲያርፍ ደሙ ይንዠቀዠቃል፣ ተመልካቹ ይጮሃል፣ ሰውየው ግን አይሞትም። ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ከሚቆረጠው ሰውዬ በቀር። የባቄላውን ሌላ ውጤት ግን ኦቪዮስ አላሰበበትም ነበር። ያን ሁሉ ጎረምሳ ባቄላ አብልቶ አንድ አዳራሽ ውስጥ ማስተኛት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዘበኞቹን ጠይቋቸው። በጠባቂነት ዘመናቸው ሁሉ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ሳያዩ ቆመው አያውቁም።

ሂላራን ከፑቴኦሊ ወደብ ነው የገዛት። ስሟን ያወጣላት ነጋዴ «ደስተኛዋ» ማለቱ ነበር አሉ። ሰውየው ወይ ዓይነ ስውር ነበር፣ ወይ ገበያ የሚያውቅ። እኔ እንደሷ ፊቷን ያጠቆረች ሴት አይቼ አላውቅም። ወፍራም ናት፣ ክንዷ የወንድ ጭን ያህላል፣ ማንኪያዋ ደግሞ የጀልባ መቅዘፊያ። ሰላም ስትላት «ማን ሰላም አለ አለሽ?» ትላለች።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ከትሬስ አገር የመጣ ግዙፍ ሰው፣ ቢቱስ የሚሉት፣ ሳህኑን ይዞ ተመልሶ መጣባት። ቢቱስ በፍልሚያው አሸዋ ሜዳ ላይ የተፈራ ነው፤ ስንቱን እንደጣለ እሱም አይናገር፣ እኛም አንጠይቅ። ከሰይፍ ውጭ ግን ሲበዛ ነዝናዛ ነበር።

«ይሄ ባቄላ አዲስ ነው ወይስ ትናንት የበላሁት ነው?» አላት።

«ትናንት የበላኸውን ከፈለግህ ጓሮ ሂድና ፈልገው» አለችው።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። ቆሞ አያት አያትና «ጨው የለውም» አለ። በነጋታውም መጣ፤ «አሯል» አለ። በሦስተኛው ቀን ነቀፋ ሲያጣ ጊዜ «ዛሬ ምንም አላልሽኝም» አላት። በዚሁ ተጋቡ። ባሪያ ጋብቻ የለውም፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል። ኦቪዮስ ግን የተረጋጋ ተፋላሚ ጥሩ ተፋላሚ ነው ብሎ የእህል ማስቀመጫዋን ክፍል ፈቀደላቸው። የእኔ ጆንያዎች ላይ ነበር የሚተኙት። ባቄላዬ ለምን እንዲህ ይደቅቃል ብዬ ብዙ ጊዜ ተገርሜአለሁ።

ከዚያ የካፑዋው ነገር መጣ። በጎረቤታችን በካፑዋ ያሉት ተፋላሚዎች የማዕድ ቤት ቢላና የመጥበሻ ዘንግ ነጥቀው ከግቢያቸው ወጡ፣ ተራራ ላይ ሰፈሩ፣ የሮማን ወታደር ደጋግመው ገረፉት። እኛ አቴላዎች መጀመሪያ ሳቅን። ኋላ በራችንን መቀርቀር ጀመርን። ኦቪዮስ ግን ሊያብድ ደረሰ። ከማዕድ ቤቱ ብረት የተባለ ነገር ሁሉ አስወጣ። ሂላራ ባሮ ሽንኩርቷን በቀንድ ስባሪ ትከትፍ ጀመር። ማማሰያዋ እንኳን «ጫፉ ሹል ነው» ተብሎ ተሞርዶ ዶለዶመ። እሷንም፣ የካፑዋ ወጥ ሠሪዎች ከተፋላሚዎቹ ጋር ተመሳጥረዋል የሚል ወሬ ስለሰማ፣ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ሁሉ ቁርጭምጭሚቷን ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ያስራታል። ቁልፉ ከወገቡ አይወርድም።

«ምነው ጌታዬ፣ እኔን የሚያህል ሴት የት ትሮጣለች?» አለችው።

«አንቺ አትሮጪም፤ ያ ባልሽ ግን አንቺን ትቶ አይሮጥም» አላት። ይሄ ኦቪዮስ ንፉግ ነው እንጂ ሞኝ አልነበረም።

ያን ዓመት ደግሞ ትሬቢዮስ የሚባለው ባለጸጋችን ለከተማው ሹመት ይወዳደር ነበር። ሹመት የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ሕዝቡን ያበላል፣ ደም ያሳያል፣ ከዚያ ድምፅ ይጠይቃል። ትሬቢዮስ አንድ ጠዋት ነጭ ልብሱን እየጎተተ ወደ ግቢው ገባ። እኔ ባቄላዬን እያራገፍኩ ነበር፤ ሂላራ ታድላለች። ኦቪዮስ እንደ ድመት እየተሻሸ ተከተለው።

«ሰዉ ፈርቷል» አለ ትሬቢዮስ። «ካፑዋ፣ ካፑዋ፣ ሌላ ወሬ የለም። አቴላ እንደማትፈራ ማሳየት አለብኝ። ትልቅ ፍልሚያ እፈልጋለሁ። ያንተን ምርጦች፣ እርስ በርስ።»

«ቢቱስና ድሩቶስ አሉልዎ ጌታዬ። ሕዝቡ ይወዳቸዋል።»

«እነሱማ ስንቴ ተያዩ? ይጨፍራሉ እንጂ ይዋጋሉ እንዴ? የአሁኑ ምሕረት የሌለው ይሁን። አንዱ እስኪሞት።»

ኦቪዮስ ጉሮሮውን ጠረገ። የሚሞተው ንብረቱ ነዋ! ትሬቢዮስ ጠጋ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር አለው፤ የኦቪዮስ ፊት ወዲያው ፈካ። ድሩቶስ ማለት ከጎል አገር የመጣ ባለ ቀይ ጢም ነው፣ ለቢቱስ እንደ ወንድም የሆነ የልብ ጓደኛው፣ የግቢው ቀልደኛ። ሁለቱ በአሸዋው ላይ ስንት ጊዜ ተገናኝተዋል፤ አንዱ በሌላው ገላ ላይ ሰንበሩን የት እንዳሳረፈ በቃሉ ያውቃል። ሂላራን አየኋት። ማንኪያዋ በአየር ላይ ቀርቷል። ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ወይ ባሏ ይሞታል፣ ወይ ባሏ ወንድሙን ገድሎ ይመጣና ጆንያው ላይ ከጎኗ ይተኛል። ሌላ መንገድ የለም።

ትሬቢዮስ ቀጠለ፤ «በዋዜማው እንደ ልማዳችን የተፋላሚዎቹ ግብር ይሁን። በሩ ይከፈት፣ ሕዝቡ ገብቶ ሲበሉ ይያቸው። ሙሉ ሙሉ አሳማ አስጠብሳለሁ። ከምግቡ በኋላ የጭምብል ቀልድ።»

እዚህ ላይ ሂላራ አፏን ከፈተች። ሳትጠየቅ ስትናገር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ጌታዬ፣ ሥጋውን ማን ይቁረጠው?»

«ዝም በይ አንቺ!» አለ ኦቪዮስ። «ጌታዬ፣ በዚህ ግቢ ቢላ የሚባል የለም። ከቤትዎ ተከትፎ ይምጣ።»

«እሱም ይሻላል» አለች ሂላራ አንገቷን ደፍታ። «የካሌስ ሰዎችም ባለፈው እንደዚያ ነው ያደረጉት አሉ። እንደ ሕፃን ጉርሻ ከትፈው። ሕዝቡ ‹ወይ ካሌሶች፣ የገዛ ተፋላሚዎቻቸውን ፈርተው› ብሎ ሳቀባቸው አሉ እንጂ...»

ካሌስ ምን እንዳደረገች እሷ ከየት ታውቃለች? ከግቢው ወጥታ አታውቅም። ግን ካሌስ የጎረቤት ባላንጣችን ከተማ ናት፤ ለአቴላ ሰው «ካሌስ» ማለት ለበሬ ቀይ ጨርቅ ነው። የትሬቢዮስ ጆሮ ሲቀላ አየሁት።

«ካሌስ? እኔ እንደ ካሌስ ልሁን? በሄርኩለስ! ሥጋውን ራሳቸው ይቆርጡታል። በገዛ ቢላዬ! ሕዝቡ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ያየዋል። ዘበኞቹን ሁሉ ደግሞ ከበሩ ውጭ አቁምልኝ፤ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው። የካፑዋ ሽፍታ ቢመጣ ከውጭ ነው የሚመጣው።»

«ጌታዬ፣ ግን...»

«ኦቪዮስ፣ ፈራህ እንዴ?»

ኦቪዮስ አልፈራሁም አለ። ወንድ ልጅ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የበለጠ የሚጎዳው ነገር ተናግሮ አያውቅም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሂላራ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ፓኪያ፣ ሳቅሽ እስከ የት ይሰማል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ባሌ በሕይወት እያለ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማ ነበር፤ ከሞተ ወዲህማ...»

«የግብሩ ለት ከፊት ተቀመጪ። ኦቪዮስ ሲመታ ሳቂ።»

«ኧረ ማነው የሚመታው?»

«ሳቂ አልኩሽ እንጂ ጠይቂ አልኩሽ?»

ይህን ብላ ወደ ድስቷ ዞረች፤ ባቄላ ለሚቀበላት ተፋላሚ ሁሉ በጆሮው አንዳንድ ነገር ጣል ታደርግ ጀመር። እኔ ግን አቴላ ተወልጄ አድጌ እንዴት አይገባኝም! የኛ ከተማ በሌላ ነገር አትታወቅም። ወይናችን ኮምጣጣ ነው፣ መንገዳችን ጭቃ ነው፣ የጭምብል ቀልዳችን ግን ሮማ ድረስ የታወቀ ነው። ታሪኩም ሁልጊዜ ያው ነው። አንድ ንፉግ ሽማግሌ ይኖራል፣ አሽከሮቹን ያስርባል፤ አሽከሮቹ ይነሱበታል፣ ገንፎ ይደፉበታል፣ የጓዳውን ቁልፍ ይነጥቁታል፣ ምግቡን ተሸክመው ይወጣሉ። ሽማግሌው «ድረሱልኝ! ሌባ! ሌባ!» እያለ ይጮሃል። እኛ እንስቃለን። ከልጅነታችን ጀምሮ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቃል እንስቃለን፤ ተዋናዩ ቃሉን ቢረሳ ከመቀመጫችን እንነግረዋለን። ከግብር በኋላ ይህን ያላየ አቴላ በላሁ አይልም።

ኦቪዮስ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ያለ ጭምብል ጭምብሉን ይመስል ነበር። ያ የተጣመመ አፍንጫ፣ ያ የወጣ አገጭ። ተፈጥሮ ራሷ አዘጋጅታዋለች።

የግብሩ ለት ከሰዓት ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። አሳማዎቹ በዘንግ ላይ ይዞራሉ፣ ስቡ እሳቱ ላይ ይንጫጫል፣ ሽታው ሰማይ ይነካል። ባቄላ እንጂ ሌላ የማያውቁት ምስኪን ተፋላሚዎች ከረጅሙ ገበታ ጀርባ ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው የትሬቢዮስ አዳዲስ ቢላዎች ያብለጨልጫሉ። ሕዝቡ እንደ ገበያ ከብት ይመረምራቸዋል።

«ያ የቀኙ ነገ ይሞታል፤ ዓይኑን እዩት።»

«ኧረ ቀይ ጢሙ ነው የሚሞተው። የጭኑን ቅጥነት እዩ!» አለች አንዲት አሮጊት።

«እናቴ፣ ጭኔን ነው የሚያዩት?» አለ ድሩቶስ ሥጋ በአፉ ሞልቶ። «ቀረብ ይበሉና ይዩት እንጂ! ነገ አይገኝም።»

አሮጊቷ አፈረች፤ ግን ቀረብ አለች።

ቢቱስ አልበላም። ዓይኑን ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ አልነቀለም። ሂላራ እዚያ ቆማለች፣ በሰንሰለቷ ርዝመት ልክ ወጣ ብላ፣ ክንዷን አጣምራ፣ ፊቷ እንደወትሮው ዝናብ ያዘለ ደመና። እኔ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጫለሁ። ካልሳቅሁስ? ሳቁ እምቢ ቢለኝስ? ሰው ሳቅ በል ሲሉት እንዴት ይደርቃል!

ትሬቢዮስ ተነስቶ ንግግር አደረገ። «ወገኖቼ! አቴላ ትፈራለች?» ሕዝቡ «አትፈራም!» አለ፤ አፉ ሥጋ ስለሞላ «አእፈአም!» ነበር የሚመስለው። «እንግዲህ ቀልዱ ይጀመር!» ብሎ ተቀመጠ። ባለጭምብሎቹ ከጥግ ጭምብላቸውን እያሰሩ ነው። ድሩቶስ ቀደማቸው። ተነሳ፣ አንድ ትልቅ የገብስ ገንፎ ሳህን አነሳ፣ ወደ ኦቪዮስ ሄደ፣ እጅ ነሳ፣ ከዚያ ዷ! ሳህኑን እንዳለ አናቱ ላይ ደፋበት።

 ገንፎው በኦቪዮስ አገጭ በኩል ይንጠባጠባል። የሰዉ ዓይን ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። ያኔ እኔ ሳቅሁ።

ወይ እኔ! አስቤበት ነበር የጀመርኩት፤ ግን ኦቪዮስን ባየሁት ጊዜ እውነተኛው ሳቅ መጣና ወሰደኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሳቀ፣ ከዚያ አሮጊቷ፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ኦቪዮስ ከወንበሩ ዘሎ «ድረሱልኝ! ሌቦች! ዘበኛ!» ብሎ ጮኸ። ቃል በቃል! አንዲት ቃል አልሳተም! ሕዝቡ ጨርቁን ጣለ። ዘበኞቹ ከውጭ ሳቁን ሰሙ፣ «ቀልዱ ተጀመረ» ተባባሉ፣ ተራራውን ማየታቸውን ቀጠሉ።

ተፋላሚዎቹ ቢላውንም ዘንጉንም ከነሥጋው አንስተው፣ እየዘፈኑ፣ በጭፈራ ወደ በሩ ተነቃነቁ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው፣ እያጨበጨበ። በር ላይ ድሩቶስ ለዘበኞቹ «ወንድሞቼ፣ እናንተስ አትቀምሱም?» አለና ከእሳት የወጣ ሥጋ ዘረጋላቸው። የሚያቃጥል ሥጋ በአንድ እጅ አይያዝም። ጦራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጦሮቹም ከጭፈራው ጋር አብረው ሄዱ።

ቢቱስ ግን አልወጣም። ኦቪዮስን ከአንገቱ ይዞ «ቁልፉን» አለው። ኦቪዮስ ቁልፉን ከወገቡ መዘዘና፣ ምን አደረገ መሰላችሁ? አፉ ውስጥ ከተተው!

ሂላራ ከደጃፉ ጮኸች። «ሂድ! አንተ ደንቆሮ፣ በሩ ሳይዘጋ ሂድ! ተወኝ!»

እኔ ይህን ስሰማ ሳቄን አቆምኩ። ድምፁ የቀልድ አልነበረም። ዘበኞቹ ሥጋውን ሲጨርሱ ጦራቸውን መፈለጋቸው አይቀርም፤ ተፋላሚዎቹ ደግሞ መንገዱን ጀምረዋል። ቢቱስ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ እሷ አየ።

«አትሂድ!» ብሎ ጮኸ ከኋላዬ አንድ ቆዳ ፋቂ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ሚስትህን ትተህ የት ትሄዳለህ፣ አንተ ልበ ቢስ!»

«አፍንጫውን ያዘው!» አለች አሮጊቷ። «አፍንጫውን! ያኔ ይከፍታል!»

«አፍንጫውን! አፍንጫውን!» አለ ግቢው በአንድ ድምፅ።

ባለጭምብሎቹ በንዴት እየዘለሉ ነው። «የቁልፉ ቀልድ የኛ ነው! ሌቦች! አፍንጫው የኔ አያት የፈጠረው ነው!» የሚሰማቸው የለም።

ቢቱስ አፍንጫውን ያዘ። ኦቪዮስ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ፑፍ! ቁልፉ ከሁለት ጥርስ ጋር ወጣ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሳ። ቢቱስ ሮጠ፣ ተንበረከከ፣ ሰንሰለቱን ፈታ። ሂላራ በማንኪያዋ ጀርባ አናቱን መታችው፤ «ሂድ ስልህ አትሰማም?» ብላ። እንዲህ ያለ ጭብጨባ አቴላ ከዚያ ወዲህ ሰምታ አታውቅም።

በሕዝቡ መሃል አለፉ። ከትሬቢዮስ ወንበር አጠገብ ሲደርሱ ሂላራ ቆም አለች።

«ጌታዬ፣ ሥጋው ጥሩ ነበር?»

«ግሩም ነው» አለ ትሬቢዮስ ወደ ሕዝቡ እየዞረና ጭብጨባው ለእሱ የሆነ ይመስል እጅ እየነሳ። «ትንሽ ቆይቷል እሳት ላይ።»

«ሌላ ጊዜ አስተካክላለሁ» አለችና ወጣች።

እኔን አላየችኝም። ወይም አይታኝ እንዳላየች ሆነች።

ከዚያ ሁላችንም ተቀመጥን፤ ተመልሰው እስኪመጡ። ኦቪዮስ በተሸረፈ አፉ «አምልጠዋል እኮ! እውነቴን ነው!» እያለ በመሃል ይሮጣል፤ በጮኸ ቁጥር ሕዝቡ ይንከተከታል። «ኦቪዮስ እንዲህ ያለ ጎበዝ ነው እንዴ?» ይባባላሉ። ወይኑ አልቆ፣ አጥንቱ ተግጦ፣ ልጆች በእንቅልፍ ሲያዛጉ ነው አንዱ ዘበኛ ብቅ ብሎ «ጦራችንን ያየ አለ?» ያለው።

ከሮማ መርማሪ መጣ። ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ሁሉም «ቀልድ መስሎኝ» አለ። ቆዳ ፋቂውን «ቀልድ እንዳልሆነ መቼ ገባህ?» ቢለው «ጌታዬ፣ እስካሁንም ቀልድ ነው የሚመስለኝ» አለው። ከተማ ሙሉ ሰው አይሰቀልም፤ ተወን። ትሬቢዮስ? በሰፊ ድምፅ ተሾመ። ያን የመሰለ ግብር ማን አብልቶ ያውቃል! ኦቪዮስ ግቢውን ሸጦ ወደ እህቱ ልጅ ሄደ፤ እዚያም ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩት አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር አሉ።

ድሩቶስና የበዙት የካፑዋዎቹን ተቀላቀሉ። ፍጻሜያቸውን ታውቃላችሁ። ሮማ ካሸነፈች በኋላ ከካፑዋ እስከ ሮማ ባለው መንገድ ዳርና ዳር መስቀል ተተክሎ ሰው ተሰቀለበት። እኔ አህያዬን ይዤ በዚያ መንገድ ሄድኩ። ሰው «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲለኝ «ባቄላ» እላለሁ። እያንዳንዱን ፊት ቀና ብዬ አየሁ። ቀይ ጢሙን አገኘሁት። ስለ ጭኑ እንዳልቀለድን ሁሉ ከእግሩ ሥር ቆምኩ፣ ውሃ ባቀምሰው ኖሮ እያልኩ፤ ግን አልፎ ነበር። ቢቱስን አላገኘሁም። ሂላራንም።

ዓመታት አለፉ። ባንዱ ክረምት የሜዳችን ምስር በዝናብ በበሰበሰብን ጊዜ ለግዢ ወደ ሳምኒየም ተራሮች ወጣሁ። ገበያው መሃል ጠብ ተነስቷል። አንድ ከወገቤ የማይበልጥ ሽማግሌ አንድ ራሰ በራ ግዙፍ ሰው ላይ ይንጠራራል።

«ፍየልህ ጎመኔን ጨረሰችው! አንተ የማትረባ!»

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እተካለሁ።»

«ጎመን ይተካል? ጎመን?» ሽማግሌው ዘለለና በጥፊ አጮለው። ሲመታው ለመድረስ መዝለል ነበረበት።

 የግዙፉ ሰው ግራ እግር ብቻውን ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ትከሻው ዝቅ አለ፤ ቀኝ እጁ ወደ ጎኑ ሄደ። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። አሸዋው ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም። 

ሰውየው የገዛ እጁን ቁልቁል አየው። ቀስ ብሎ ፈታው። እግሩን መለሰ።

«ካሻዎ ይድገሙኝ» አለ። «ፍየሏ ጎመኑን አልበላችም ብዬ አልዋሽም።»

«ይሄን ቁመት ተሸክመህ!» አለ አንዱ ጎረምሳ ከዳር። «አይ ፈሪው!»

ከአይብ ቅርጫት ጀርባ የተቀመጠች አንዲት ወፍራም ሴት ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ዓይኗን እየጠረገች፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘች። ያን ሁሉ ዓመት ባቄላ ሳመላልስላት ጥርሷን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ከፊት አንዱ የለም። ጠጋ ስል ሳቋን አላቆመችም።

«አይብ ትገዢያለሽ ወይስ ታፈጥጪያለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ፣ አህያው አልሞተም እንዴ እስካሁን?»

«ፈሪው የሚሉት...» አልኩ።

«አገሩ ሁሉ ፈሪው ነው የሚለው። ፈሪው ፍየሉን ያዝ፣ ፈሪው እንጨት ፍለጥ። ሕፃን ልጅ እንኳን ይመታዋል።» ይህን ስትል ባሏ ሹመት ያገኘላት ሴት ነበር የምትመስለው።

እሱ ፍየሏን በገመድ እየጎተተ መጣ። ጉንጩ በርበሬ መስሏል። እኔን ከማየቱ በፊት ለእሷ ነበር የቸኮለው።

«አየሽው እንዴት እንደመታኝ?»

«አየሁት» አለችው ሂላራ። «ደህና አድርጎ ነው። ና አጠገቤ ቁጭ በል።»